የኦሞድ ግራ ትከሻ

ነገርን ነገር ያነሳዋል ይላሉ። እኔን ግን ያነሳኝ ሽታ ነው። በቀደም ዕለት ከባሮ ድልድይ ወዲህ፣ ባጃጆቹ በሚሰለፉበት የማንጎ ጥላ ሥር ቆሜ፣ ዓሣ ልግዛ ወይስ ባዶ እጄን ልመለስ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። ለአንድ ሰው ዓሣ መግዛት እንዴት እንደሚያሳፍር ብቻውን የሚበላ ሰው ያውቀዋል። በዚህ መሃል አንዲት ፒክአፕ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ከኋላዋ ሸራ የለበሰ ነገር ተተክሏል። ሸራ ምን ቢሸፍነው ቅርጹ አይደበቅም፤ ያ ረጅም አንገት፣ ያ ሰፊ ትከሻ። ወታደሮቹ ውሃ ሊገዙ ሲወርዱ ነፋሱ ከወንዙ በኩል መጣና ሽታውን አመጣልኝ። የመሣሪያ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ፀሐይ ያጋለው ብረት። ዲሽቃ ነው። እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ዓሣ ሻጯ ሴትዮ "አባባ፣ ትወስዳለህ አትወስድም?" አለችኝ። የጋምቤላ አማርኛ አንቱታ አያበዛም፤ መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይለኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። "እወስዳለሁ" አልኩና ከፍዬ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ስፈታው ለሦስት ሰው የሚበቃ ዓሣ ገዝቻለሁ።

ዛሬ ዲሽቃን የማያውቅ የለም። በየዜናው አለ፣ በየፒክአፑ ጀርባ አለ፤ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ድምፁን ከሌላው ለይቶ "ይሄ ዲሽቃ ነው" ይልሃል። ምን ዓይነት ጊዜ ላይ እንደደረስን ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ማሰልጠኛው ሜዳ ላይ በሁለት ጎማው ቆሞ ነው፤ እኛ ዙሪያውን አፋችንን ከፍተን ተቀምጠናል። ጎጃም ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ከምንሽርና ከጓንዴ በቀር መሣሪያ አላውቅም ነበር። አሰልጣኛችን ባለ ወርቅ ጥርስ፣ ቁጡ ሰው ነበር፤ ስለ ዲሽቃ ሲያወራ ግን ስለ ዘመዱ የሚያወራ ይመስላል። ሩቅ፣ ብርዳም አገር አንድ ሰው ሠራው አለን። ብረቱ ጠንካራ፣ ምቱ ኃይለኛ ሆነ፤ ጥይቱን የሚያገኘው ግን ከክብ ድስት መሰል መያዣ ስለነበር ገና አፉን ሲከፍት ያልቅበታል። ድስቱን ለመለወጥ ሲታገሉ አውሮፕላኑ አገሩ ይገባል። ስለዚህ ትተውት ከረሙ። በኋላ ሌላ ሰው መጣና በዝናር የሚጎርስበትን መላ ሠራለት፣ መሣሪያ የሆነው ያን ጊዜ ነው። "ስሙ ላይ የሁለቱም ሰዎች ፊደል አለ" አለን። "አንዱ የሚተኩሰውን ሠራ፣ አንዱ የሚያጎርሰውን። ከእናንተ መሃል ብቻዬን ጀግና ነኝ የሚል ካለ አሁኑኑ ተነስቶ ክላሹን ይያዝ።" ማንም አልተነሳም።

የታሰበው ለአውሮፕላን ነበር፣ ስስ ብረት ለለበሰ ተሽከርካሪም ጭምር። እኛ አገር ሲገባ ግን ተራራና ተራራ መሰዳደቢያ ሆነ። አሁን ደግሞ አዳዲሶቹ መጥተዋል አሉ፤ ክብደታቸው የቀለለ፣ መነጽራቸው በጨለማ የሚያይ። አንዱ የሰፈሬ ወታደር "አንድ ሰው ብቻውን ይዞት መዞር ይችላል እኮ" ብሎ በኩራት ነገረኝ። ጎሽ አልኩት። ሆዴ ግን አዘነለት። ያ ሰውዬ ብቻውን ተራራ ላይ ከማን ጋር ሊያወራ ነው?

እኛ ሦስት ነበርን። የምድብ መሣሪያ የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው አይችለውም፣ ምድብተኛ ይፈልጋል። ኦሞድ ተኳሽ፣ እኔ አጉራሽ፣ ገመቹ እግር ተሸካሚ። ጎማው ለሜዳ ነው፤ ተራራ ላይ የምንተክለው በሦስት እግሩ ነበርና ያን የብረት እግር ገመቹ በትከሻው ይዞ ይወጣል። ገመቹ የደምቢ ዶሎ ልጅ ነው፤ አጭር፣ ድብልብል፣ ሲስቅ ሆዱ ቀድሞት የሚስቅ። ኦሞድ የኢታንግ አኙዋ፤ ቁመቱ ከምሽጉ ስለሚያልፍ "ጎንበስ በል" ስንለው ነው የኖርነው። ለእሱ የሚሆን ካኪ ሱሪ በመላው ክፍለ ጦር ጠፍቶ ቁርጭምጭሚቱ እንደታየ ዘመተ። ገመቹ "ጅረት ሊሻገር ነው" እያለ ይስቅበታል። ኦሞድ ለመልስ አይቸኩልም፣ ከሰዓት በኋላ ሊመልስለት ይችላል።

ከካምፑ በታች ያለችው ከተማ አንዲት ማዕዘን ነበረቻት። በአንድ በኩል ሻይ ቤት፣ በሌላው ፎቶ ቤት፣ መሃሉ ላይ ሸራ ጫማ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰውዬ። እረፍት የወጣን ቀን ሁሉም ነገር እዚያች ማዕዘን ላይ ይደረግ ነበር። ሻይ ስሙኒ፣ ብስኩት የተጨመረበት ሽልንግ። አቤት የዚያን ጊዜ ልብስ! ቦላሌ ሱሪ የታችኛው ጫፍ መንገዱን ጠርጎ ይሄዳል፣ ሸሚዙ አንገቱ የወፍ ክንፍ ያህላል። እኛ በካኪ ቁጭ ብለን የከተማውን ጎረምሳ ቦላሌ እያየን እንቀና ነበር፣ ለካ እሱም ካኪያችንን እያየ ይፈራ ነበር። የሻይ ቤቷ ባለቤት አንድ ካሴት ብቻ ነበራት፤ እሱኑ ደግማ ደጋግማ ታዞረዋለች። ኦሞድ አማርኛውን የተማረው ከወታደር ቤትና ከዚያች ካሴት ነው፤ ግማሹ ትእዛዝ፣ ግማሹ ፍቅር። አንድ ቀን ለባለቤቷ ሻይ ሊያዝዝ ፈልጎ "ናፍቆትሽ ጎዳኝ፣ ቶሎ ፈጽሚ" ቢላት ሴትዮዋ ሳቅ ገድሏት ሻዩን በነጻ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ገመቹ እንዲያዝዝለት የሚልከው ኦሞድን ነው።

ማታ ማታ መሣሪያውን እየወለወልን ኦሞድ ስለ ባሮ ያወራናል። ማንጎው እየወደቀ የሚለቅመው እንደሌለ፣ ዓሣው ሰው እንደሚያህል፣ ብርድ የሚባል ነገር አገሩ እንዳልደረሰ። ያኔ የምንኖርበት ተራራ ላይ ሌሊት ውሃ ኮዳ ውስጥ ይረጋል። "ውሸታም ነህ" እለዋለሁ። "ና፣ ታያለህ" ይለኛል። በቃ፣ ይቺው ነች ግብዣው። መጥቼ ሳየው ማንጎው እውነት ሆነ፣ ሙቀቱንም አሳንሶ ነው የነገረኝ። ዓሣውን ግን ትንሽ አጋኖታል።

አሁን ስለ እጃችን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና። ዲሽቃ ሲተኩስ ሰው የሰው ድምፅ አይሰማም፤ የራስህን ጩኸት እንኳ የምታውቀው ጉሮሮህ ሲያምህ ነው። ተኳሹ ዓይኑን ከማነጣጠሪያው አይነቅልም። ዝናሩ የሚገባው በግራ በኩል ስለሆነ አጉራሹ በግራ ነው ቦታው፤ በአንድ እጄ ዝናሩ እንዳይጠማዘዝ ደግፌ፣ በሌላው እጄ ከኦሞድ ግራ ትከሻ ጋር እነጋገራለሁ። ሁለት ጊዜ መታ መታ ካደረግሁት "አለ" ማለት ነው፤ ጎርሷል፣ ያዝ። ጭምቅ ካደረግሁት "በቃ፣ ልቀቅ"። መዳፌን ዘርግቼ ጀርባው ላይ ካሳረፍኩ "አልቋል"። ሌሎች ምድብተኞች የየራሳቸው መላ ነበራቸው፣ የእኛ ይሄ ነው። አንዴ "አለ" ካልኩት ኦሞድ ሳልጨምቀው እጀታውን አይለቅም፤ ሰማይ ቢደፋም አይለቅም። አንድ ጊዜ ድንጋይ ተፈንጥሮ ግንባሩን ቢያደማው፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ እጀታውን እንደጨበጠ የእኔን እጅ ሲጠብቅ አግኝቼዋለሁ። ከእሱ ወደ እኔ ደግሞ አንድ ምልክት ነበረች። ጋብ ሲል፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ግራ እጁን ወደ ታች ሰዶ ጉልበቴን ይዳብሳል። አለህ ወይ ማለቱ ነው። ካገኘው እጁን ወደ እጀታው ይመልሳታል።

ስለ ውጊያው ብዙ አልልም። ማዶም የሰው ልጅ ነበር፤ ሽማግሌ ስትሆን ይህ ነገር ጠዋት ጠዋት ይመጣብሃል፣ ሆድ ይፍጀው። የኔ ቀኝ ጆሮ እዚያው ቀርቷል፣ መሣሪያው በቀኜ ነበርና። የኦሞድ ሁለቱም ጆሮዎች ያኔውኑ መድከም ጀምረው ነበር። በመጨረሻ የተበተንን ዕለት ጉም ነበር። እንደ ደንባችን መሣሪያውን ፈታትተን ተሸከምን፤ ኦሞድ አካሉን፣ ገመቹ እግሩን፣ እኔ ዝናሩን። ታች ወንዙ ጋ እንገናኝ ተባባልን። ወንዙ ጋ ስደርስ ሰው የለም። የማይተኩስ ዝናር አንገቴ ላይ እንደተጠመጠመ ብቻዬን እስኪመሽ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ፣ መንግሥት መጣ ሄደ። ገመቹን ደምቢ ዶሎ ድረስ ሄጄ አገኘሁት፤ አብረን ስቀን፣ አብረን አልቅሰን ተለያየን፣ በዓመቱ ጉበቱ ገደለው። እኔን ወደ ጋምቤላ ያመጣኝ የባለቤቴ ሥራ ነው። ወርቅነሽ ነርስ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና። ምደባው ሲመጣ ዘመዶቿ "በሙቀትና በወባ ልታልቁ ነው" ብለው አለቀሱ። እኔ ግን በልቤ ኦሞድን አገኘዋለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የደረስኩ ሰሞን ኢታንግ ሄጄ ጠየቅሁ። "ድንበር ተሻግሯል" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ጠየቅሁ፣ "ሞቷል" አሉኝ። አልቅሼ ተውኩት። ልጃችንን እዚህ አሳደግን፣ ዳርን፣ ደብረ ማርቆስ ገባች። ከዚያ ወርቅነሽ ታመመች።

ከእሷ በኋላ ቤቱ ምን እንደሆነ ልናገር ብል አልችልበትም። ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር ሳታውቀው ታወራለህ፤ "ሽታው ምንድን ነው"፣ "በሩ ተዘግቷል ወይ"። ሰውየው ሲጠፋ ያቺ ወሬ አፍህ ላይ ትቀራለች። ቀን ቀን ኑሬ ሱቅ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ኑሬ የወሎ ሰው ነው፣ ከእኔ ቀድሞ እዚህ የገባ ነጋዴ፤ ጆሮዬን ስለሚያውቅ ሁሌ በግራዬ በኩል ነው የሚቀመጠው፣ ይህቺን አልረሳለትም። ልጄ ደግሞ በየሳምንቱ ትደውላለች። "አባዬ፣ እዚያ ማን አለህ? ና፣ የልጅ ልጆችህ ጋ ኑር።" እውነቷን ነው። ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ አልኳት። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ልሽጥ ብዬ ለጎረቤት ተናገርኩ። ጎጃም ገብቼ የማንንም በር ባንኳኳ ከልጅነቴ የቀረ ሰው የለም፤ እኔን ይርጋን በጎረምሳነቴ የሚያውቅ አንድም ሰው በምድር ላይ የለም ብዬ ደምድሜ ነበር። ሰው እንዲህ ሲሆን የት ቢቀመጥ ምን ልዩነት አለው።

እና ያን የሦስት ሰው ዓሣ በገዛሁ ማግስት ነው፣ ኑሬ ከኢታንግ ገበያ ተመልሶ ሻይ እየጠጣን የነገረኝ።

"አሥር አለቃ፣ ጉድ ልንገርህ" አለ። "ኢታንግ አንድ ሽማግሌ አለ። ዓይኑም ጆሮውም የለም። ሰዎቹ ግራ ትከሻውን እንዳትነካው ብለውኝ ነበር። እኔ ምን ቆርጦኝ እነካዋለሁ፤ ጆንያ ተሸክሜ ሳልፍ ጆንያው ነካው። ወላሂ፣ ሁለት እጁን እንዲህ ወደ ፊት ዘርግቶ አየሩን ጨበጠ። ጭነት ጨርሼ እስክሄድ አልለቀቀም። ጂን ነው ይላሉ።"

ሻይዬን አስቀመጥኩ። 

"ቁመቱስ?" አልኩት።

"ተቀምጦ ነው ያየሁት። ጉልበቱ ግን እዚህ ይደርሳል" ብሎ ደረቱን አሳየኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን በኑሬ አይሱዙ ተሳፍሬ ሄድኩ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሳሩ ከሰው ይረዝማል፤ አንቴና የተከሉ ነጫጭ የእርዳታ መኪኖች ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ እየቀደሙን ያልፋሉ፣ እናቶች ጭንቅላታቸው ላይ ጀሪካን አስቀምጠው እጃቸውን እያወናጨፉ ይሄዳሉ። ኑሬ እንደ ልማዱ ያወራል፣ እኔ አልሰማውም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያውቀኝ ይሆን? ይህ ሰው ካወቀኝ ያ ዘመን በእርግጥ ነበር ማለት ነው፣ እኔም ነበርኩ ማለት ነው። ካላወቀኝ በቃ፣ ልጄ ጋ ሄጄ ቀኔን እጠብቃለሁ።

ከገበያው ጀርባ፣ ሣር ክዳን ቤት ፊት ለፊት፣ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ጉንጩ ገብቷል። እግሮቹ ግን ያው እግሮች ናቸው፣ ሱሪው አሁንም ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልደረሰም።  አንዲት ጠንካራ ሴት ወጣችና ፊቴ ቆመች። አሪየት ትባላለች፣ ልጁ ናት።

"አባባ፣ ምን ትፈልጋለህ? እሱ አይሰማም። አያይም።"

"ወንድሙ ነኝ" አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አንተ ደገኛ ነህ" አለች።

"በወታደር ቤት።"

ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፣ ዱካ አመጣችልኝ። ድንበር ማዶ ብዙ ዘመን እንደኖሩ፣ ጆሮውን ጦርነት እንደበላው፣ ዓይኑ ደግሞ ቀስ በቀስ እንደሄደ፣ ከተመለሱ ገና ጥቂት ዓመት እንደሆናቸው ነገረችኝ። "በዚህ በኩል አትንካው" አለች ግራውን እያሳየች። "ይታመማል። እጁ ይይዛል፣ እስኪደክመው አይለቅም። ኩባያ ሰብሯል። እኔ በቀኝ ነው የማበላው።"

"አውቃለሁ" አልኳት። ዱካዋን ተሸክሜ በግራው በኩል ተቀመጥኩ። አሪየት አፏን ያዘች።

ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግሁት። ሁለቱ እጆቹ ተነስተው አየሩን ጨበጡ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ለኑሬ ጆንያም ጨብጠዋል። ስለዚህ ትከሻውን ጭምቅ አደረግሁ። እጆቹ ወዲያው ጭኑ ላይ ወደቁ። አሪየት በቋንቋቸው አንድ ነገር አለች፤ እነዚያን እጆች ስንት ዓመት ያስለቀቃቸው ሰው አልነበረም። ኦሞድ አንገቱን ትንሽ አዘነበለ። ከዚያ ግራ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፣ አፈሩን ነካ፣ ዱካውን ነካ፣ ጉልበቴን አገኘ። ዳበሰው። እንደ ድሮው ግን አልመለሳትም፣ እዚያው ቆየች።

"አጉራሽ" አለ። ጆሮ የሌለው ሰው ነውና ጮክ ብሎ፣ ገበያው ሁሉ እስኪዞር።

እኔ አለቀስኩ። ምን እደብቃለሁ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ እሱ ስለማያየኝ ነፃነት ተሰምቶኝ።

"ገመቹስ?" አለ።

ለዚህ ያለችኝ አንዲት ምልክት ናት። መዳፌን ዘርግቼ ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። ጎንበስ አለ። ገመቹ በዚያ አጭር ሱሪው ስንት ዓመት ሲስቅበት የኖረ ሰው ነው። ቆይቶ "ማንጎ በላህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ መታሁት፣ እጁ ጨበጠ፣ ጨመቅሁት፣ ለቀቀ። "እና ውሸታም ማነው?" አለና በዚያ ባዶ ድዱ ሳቀ። "ሚስትስ?" አለኝ። መታ መታ አደረግሁት፤ ጨመቅሁት፤ ትንሽ ቆይቼ መዳፌን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። እጁ ጉልበቴን ጠበቅ አደረገ። ወርቅነሽ ከሞተች ወዲህ ብዙ ሰው አጽናንቶኛል፣ "የማይሞት የለም" ብሎኛል፣ ቄሱም ብሏል። እንደዚያች ጭብጥ ያጽናናኝ የለም።

ኑሬ ጥሩንባውን ነፋ። ጭነቱ ሞልቷል፣ ዝናብ እየመጣ ነው። ተነሳሁ፣ ግን እንዴት ብዬ ልሰናበተው? በእኛ እጅ "ደህና ሁን" የሚባል ነገር አልነበረም፣ "እመለሳለሁ"ም የለም። ያሉኝ ሦስት ቃላት ናቸው። "አልቋል" ልለው አልችልም፣ እጄ እምቢ አለኝ። "አለ" አልኩት። ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጌው፣ እንባዬን አሪየት እንዳታይብኝ ዞር ብዬ ሳላይ ወደ መኪናው ሄድኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ደርሰናል። ዝናቡ ጀምሯል። ኑሬ በግራ ጆሮዬ በኩል ስለሆነ ሹፌር ወንበር ላይ ሆኖ የሚለውን እሰማዋለሁ።

"አወቀህ?" አለኝ።

"አወቀኝ።"

"አልሐምዱሊላህ። እና ምን ብለህ ተለየኸው?"

"'አለ' ብዬው ነው የመጣሁት" አልኩት፣ እየሳቅሁ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። "ኑሬ፣ አዙር።"

"ምን ረሳህ?"

"እጁን ረሳሁት። አዙር ስልህ!"

"አሥር አለቃ፣ ጭነት ይዣለሁ፣ ዝናብ ነው፣ ምን ነካህ" እያለ ሲያጉረመርም አዞረው። መንገዱ ለእኔ አላልቅ አለ። ይህን ስህተት ከእኔ ሌላ በዓለም ላይ የሚሠራው ሰው የለም፣ የሚያርመውም የለም።

ስንደርስ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ኦሞድ ዝናቡ እየደበደበው እዚያው ዛፍ ሥር ነው፤ ወደ ቤት ሊያስገቡት ቢሞክሩ አልነሳ ብሏል። ሁለት እጁ ወደ ፊት ተዘርግቶ ጨብጧል፣ ክንዱ እስከ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አሪየት ያቀረበችለት ገንፎ ጎኑ ተቀምጦ ውሃ ሞልቶበታል። አሪየት ተንበርክካ ጣቶቹን አንድ በአንድ ልታላቅቅ ትታገላለች፣ እያለቀሰች። ጉልበቴ እንደማይሮጥ አውቃለሁ፣ ግን ሮጥኩ። በግራው በኩል ጭቃው ላይ ተቀምጬ ትከሻውን ጭምቅ አደረግሁት።

እጆቹ ወደቁ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ግራ እጁ ወርዶ ጉልበቴን አገኘ።

"ዘገየህ" አለኝ። አልተቆጣም። ድሮ ዝናር ለማምጣት ስቆይበት እንደሚለኝ ነው ያለኝ።

በሳምንቱ ልጄ ደወለች። "አባዬ፣ ትኬቱን ልቁረጥ?"

"አትቁረጪ።"

"ምነው? እዚያ ማን አለህና?"

"ሥራ አለኝ።"

"በዚህ ዕድሜህ?" አለችኝ።

"አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ" አልኳት። ቅር ብሏታል፤ ትመጣና ታየዋለች።

ቤቱ ያው ባዶ ነው። ማታ ስገባ አሁንም አፌ ላይ የቀረውን ወሬ ይዤ እተኛለሁ፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል። በየገበያው ቀን ግን ከድልድዩ ወዲህ ትልቅ ዓሣ እገዛለሁ፣ ሴትዮዋም አትጠይቀኝም፣ መርጣ ትሰጠኛለች። የኑሬ አይሱዙ ላይ እወጣለሁ። አሪየት በቀኝ ታበላዋለች፣ እኔ በግራው እቀመጣለሁ። የምናወራው ብዙ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ እጁ ጉልበቴ ላይ ሆኖ ዝም ብለን ነው የምንውለው። ጥሩንባው ሲነፋ "አለ" እለዋለሁ፣ ይጨብጣል። ከዚያ ጨምቄ እጁን አሳርፌለት ነው የምነሳው።